አንቲቫይረሱ አፕዴት አልሆን ሲል ከየት ይጀመራል?

አንቲቫይረስ አፕዴት አልሆን ሲል ብዙዎቻችን የምናደርገው ያው ነው፤ አጥፍተን ከጓደኛ ፍላሽ ላይ ሌላ እንጭናለን። አዲሱ ለጥቂት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ እሱም ያንኑ ቀይ ምልክት ይዞ ብቅ ይላል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአንቲቫይረሱ አይደለማ። ቀኑ ተዛብቷል፣ ኔትወርኩ አላሳልፍ ብሏል፣ ዲስኩ ሞልቷል፣ ወይም ዊንዶውሱን የጫነው ልጅ የተጠቀመበት ክራክ (ያለ ፈቃድ ማንቂያ ፕሮግራም) አፕዴቱን ዘግቶታል። እነዚህ ሳይነኩ አንቲቫይረስ መቀያየር ዳታ ማቃጠል ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ጅማ ላይ ላለ ሰው ታስቦ የተጻፈ ነው፤ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ፣ መብራት ሄድ መጣ ለሚልበት፣ ኮምፒውተሩ ከሰው ፍላሽ ጋር ለሚውል። ምንም ከማያስወጣው ጀምሮ ብዙ ዳታ ወደሚበላው ይሄዳል፤ ስለዚህ አትዝለሉ። በምሳሌነት የወሰድኩት ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር አብሮ የሚመጣውን ዲፌንደርን ነው። ነፃ ነው፤ ለአብዛኛው ሰውም ይበቃል ባይ ነኝ። ካስፐርስኪ፣ ኢሴት ወይም አቫስት ለምትጠቀሙ የተለየ ነገር ሲኖር በቦታው እጠቅሳለሁ።

መጀመሪያ፦ የሚለውን አንብቡት

ስታርት ላይ "ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ" ብላችሁ ፈልጉና ክፈቱ። "ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን" ውስጥ ግቡ፤ ወረድ ስትሉ "ፕሮቴክሽን አፕዴትስ" የሚል አለ። እዚያ ሁለት ነገር ታያላችሁ፤ የቫይረስ መረጃው የስሪት ቁጥርና መጨረሻ የታደሰበት ቀን። ማይክሮሶፍት ይህን መረጃ በቀን ብዙ ጊዜ ያወጣል፤ ስለዚህ የትናንት ቀን ቢያሳያችሁ አትደንግጡ። ሳምንት ካለፈው ግን ችግር አለ።

"ቼክ ፎር አፕዴትስ" የሚለውን ተጫኑ። አልሳካ ካለ ብዙውን ጊዜ ረጅም ቁጥር ያወጣል። ያንን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱ "አፕዴት አይሆንም" ከማለት ይልቅ ይህን ፎቶ ማሳየት ግማሽ ሥራ ነው። ቁጥሩ በዜሮና በኤክስ ይጀምራል፤ እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የምጽፈው፤ ኢ እና ኤፍ ያልኩት የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን ነው።

80072ኤፍ8ኤፍ ካለ፣ ቀንና ሰዓት ላይ ሂዱ።
80072ኢኢ7 ካለ፣ ኮምፒውተሩ የሰርቨሩን (አፕዴቱ የሚመጣበትን ኮምፒውተር) አድራሻ በስሙ ማግኘት አልቻለም፤ ኔትወርክ ነው።
80072ኢኢ2 ካለ፣ ጠብቆ ጠብቆ መልስ አጥቷል፤ ይህም ኔትወርክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደካማ መሥመር።
80070422 ካለ፣ የዊንዶውስ አፕዴት አገልግሎት ተዘግቷል። ክራክ የሚለው ክፍል ለእናንተ ነው።
80070070 ካለ፣ ዲስኩ ሞልቷል።
80070643 ካለ፣ ፋይሉ ወርዷል፣ መጫን ግን አልተሳካም። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችሁ ሞክሩ፤ እምቢ ካለ ወደ ፍላሹ ዘዴ ሂዱ።

ቁጥሩ ከእነዚህ ውጪ ከሆነ ወይም ጭራሽ ካልወጣ በቅደም ተከተሉ ሂዱ።

ቀንና ሰዓት

ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ግን ከሁሉም ቀድሞ መታየት ያለበት እሱ ነው። አንቲቫይረሱ አፕዴት ሲጠይቅ ከሰርቨሩ ጋር የሚተዋወቀው በዲጂታል ሰርተፍኬት ነው። ሰርተፍኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የኮምፒውተራችሁ ቀን ከዚያ ውጪ ከሆነ ሰርተፍኬቱ ገና ያልጀመረ ወይም ያለፈበት ይመስለዋል፤ ያኔ ግንኙነቱን ያቋርጣል። አንቲቫይረሱ በዚህ ትክክል ነው፤ የማይታመን ሰርቨር ላይ ፋይል አላወርድም ማለቱ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ይህ ችግር የራሱ መልክ አለው። መርካቶ አካባቢ ያለ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር አፕዴት እምቢ አለ ተብዬ ሄድኩ። ኢንተርኔቱ አለ፤ ቦታ አለ። ጥግ ላይ ያለውን ቀን ሳየው 2018 ይላል።

"ጋሼ፣ ይሄን ዓመት ማነው የቀየረው?"

"እኔ ነኛ! 2018 አይደለንም እንዴ? ደብዳቤ ላይ የፈረንጅ ዓመት እያስገባ አስቸገረኝ።"

ሰውየው በራሳቸው ልክ ናቸው፤ ያኔ በእኛ አቆጣጠር 2018 ነበር። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የጎርጎርዮሳዊውን ብቻ ስለሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ዛሬ ያሉት ሰርተፍኬቶች በሙሉ ገና ያልተወለዱ ሆኑበት። የኮምፒውተሩ ቀን ምን ጊዜም የፈረንጅ ይሁን። ደብዳቤ ላይ የሚገባውን ቀን ግን በራሱ እንዲያስገባ አታድርጉ፤ በእጅ ጻፉት።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ሴቲንግስ፣ ከዚያ "ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ"፣ ከዚያ "ዴት ኤንድ ታይም"። የሰዓት ክልል ላይ አዲስ አበባን ፈልጋችሁ አታገኙም፤ "ናይሮቢ" የሚለውን፣ ማለትም ፕላስ 3ን ምረጡ፤ ሰዓታችን አንድ ነው። ከዚያ ዓመተ ምሕረቱን መጀመሪያ በእጅ አስተካክሉት፤ ልዩነቱ በዓመታት ከሆነ ዊንዶውስ በራሱ ላይመልሰው ይችላል። በእጅ ካስገባችሁ በኋላ "ሴት ታይም አውቶማቲካሊ" የሚለውን አብሩና "ሲንክ ናው" በሉት። ጠዋት ሦስት ሰዓትን 3፡00 ብላችሁ የሞላችሁ ከሆነም ይህ ያስተካክለዋል፤ ኮምፒውተሩ 9፡00 ነው የሚለው፤ ይልመድባችሁ።

ያስተካከላችሁት ቀን በማግስቱ ተመልሶ ከተዛባ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል። ጅማ ላይ ክረምት ሲሆን ይህ በብዛት ይታያል፤ ዝናቡ ሲበረታ መብረቅ እንዳያገኘው ብለን ዴስክቶፑን ከሶኬት እንነቅላለን፤ ባትሪው ከሞተ ደግሞ ሲነቀል ሰዓቱን የሚይዝለት የለም፤ ሲበራ ከዓመታት በፊት ወደ ነበረ ቀን ይመለሳል። ባትሪው ክብ ነው፣ የሳንቲም ያህል፤ ላዩ ላይ ሲአር 2032 ይላል፤ 3 ቮልት ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ከሶኬት ንቀሉ፤ የጎኑን ክዳን ክፈቱ፤ ባትሪውን በያዘችው ትንሽ ምላስ ገፋ ስታደርጉ ብቅ ይላል። አዲሱን ጽሑፉ ወደ ላይ ሆኖ አስገቡት። ላፕቶፕ ላይ አንዳንዱ በሽቦ የተያያዘ ስለሆነ ለባለሙያ ስጡት።

ኔትወርክ

ብሮውዘር ከፍታችሁ አንድ የማታዘወትሩት ድረ ገጽ ሞክሩ። ስልክ ቁጥር ወይም የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ከመጣ የያዛችሁት ዋይፋይ መጀመሪያ መግባት ይፈልጋል፤ ሆቴልና ካምፓስ ውስጥ የተለመደ ነው። አንቲቫይረሱ ያንን ገጽ ሞልቶ መግባት አይችልም፤ እናንተ ግቡለት።

ድረ ገጹ ከተከፈተ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ግንኙነቱን "ሚተርድ" ብላችሁታል ወይ? ዳታ እንዳይበላ ብለን በስልክ ሆትስፖት ስንጠቀም እናበራውና እንረሳዋለን። እሱ በርቶ እያለ ዊንዶውስ አፕዴት ላያወርድ ይችላል። ሴቲንግስ ውስጥ "ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት"፣ ከዚያ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ "ፕሮፐርቲስ" ክፈቱና "ሚተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን ለጊዜው አጥፉት። አፕዴቱ ሲያልቅ መልሳችሁ አብሩት፤ አለዚያ የዊንዶውሱ ትልቁ አፕዴት ጥቅላችሁን ይጨርሰዋል።

ሦስተኛው ፕሮክሲ ነው፣ ማለትም ግንኙነቱ የሚያልፍበት አማላጅ ኮምፒውተር፤ ተማሪዎችን በጣም የሚያስቸግር። የመሥሪያ ቤት ወይም የግቢ ፕሮክሲ ሞልተው ላፕቶፑን ቤት ይወስዱታል፤ ቤት ያንን ፕሮክሲ የሚያውቅ የለም። ከዚህ የባሰው የነፃ ቪፒኤን ነው። አንዳንዱ ቪፒኤን ሲበራ የዊንዶውሱን ፕሮክሲ ወደ ራሱ ይቀይራል፤ ሲዘጋ ይመልሳል። መብራት በመሃል ከጠፋና ኮምፒውተሩ እንደዛው ከሞተ ግን ሳይመልስ ይቀራል። "ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት" ውስጥ "ፕሮክሲ" ላይ ግቡ። "ዩዝ ኤ ፕሮክሲ ሰርቨር" በርቶ፣ አድራሻው 127.0.0.1 (ማለትም ኮምፒውተሩ ራሱ) ካለና ቪፒኤኑ ካልተከፈተ፣ ጥፋቱን አገኛችሁት። አጥፉት።

ቁጥሩ ኢኢ7 ያላችሁ፣ ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን) ቀይሩ። የዋይፋዩ "ፕሮፐርቲስ" ውስጥ የዲኤንኤስ ቦታ አለ፤ "ማኑዋል" አድርጉና 8.8.8.8፣ ሁለተኛው ላይ 1.1.1.1 ጻፉ። የመጀመሪያው የጉግል፣ ሁለተኛው የክላውድፍሌር ነው።

ቦታ

ሲ ድራይቩ ቀይ ከሆነ አፕዴት የሚያርፍበት የለም። "ዲስክ ክሊንአፕ" ፈልጋችሁ አስጀምሩ፤ ጊዜያዊ ፋይሎቹንና ሪሳይክል ቢኑን አጥሩ። ፊልሙንና ከቴሌግራም የወረደውን ወደ ዲ ድራይቭ አዛውሩ። ይኸው ነው።

ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ቤት

ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ መጫን ጥበቃውን እጥፍ አያደርገውም። አንዱ የሌላውን የአፕዴት ፋይል እንደ ጠላት አይቶ ሊይዘው ይችላል። ሌላ አንቲቫይረስ ስትጭኑ ዲፌንደር ራሱ ወደ ጎን ይላል፤ ያ ደንብ ነው። ችግሩ የሚመጣው የሌላኛው የሙከራ ጊዜ ሲያልቅ ነው፤ ያለፈበት ፕሮግራም በሩ ላይ ተቀምጦ አይሠራም፣ አይነሣም።

ከኮንትሮል ፓናል አጥፉት። ካጠፋችሁት በኋላም ቅሪቱ የሚያስቸግር ከሆነ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ማጽጃ አላቸው፤ ካስፐርስኪ "ካቭሪሙቨር"፣ አቫስት "አቫስት ክሊር" ይለዋል። ከራሳቸው ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። የአቫስቱንና የኢሴቱን በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በአስፈላጊዎቹ ነገሮች ብቻ የሚነሣበት) ገብታችሁ ብታስኬዱት ይሻላል።

ኢሴት ለምትጠቀሙ፣ ማጥፋት ሳያስፈልግ አንድ የምትሞክሩት አለ፤ መብራት በመሃል ሲጠፋ በግማሽ የወረደ ፋይል ይቀርና አፕዴቱ እሱ ላይ እየተደናቀፈ ይወድቃል። የአፕዴት ሴቲንጉ ውስጥ "ክሊር አፕዴት ካሽ" የሚል አለ፤ ተጫኑትና እንደገና አስጀምሩ። ካስፐርስኪ ላይ ደግሞ ወደ ቀድሞው መረጃ መመለሻ "ሮልባክ" አለ።

ክራክና አክቲቬተር

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም የዲፌንደር አፕዴት ችግር ይዞ የሚመጣ ኮምፒውተር ውስጥ ይህን መፈለግ ልማዴ ነው።

ዊንዶውስ ሲጫን ብዙ ጊዜ በአክቲቬተር፣ ማለትም ያለ ሕጋዊ ፈቃድ በሚያነቃ ፕሮግራም ነው የሚነቃው። አክቲቬተሩ ራሱ ዲፌንደር ስለሚይዘው፣ ጫኙ መጀመሪያ ዲፌንደርን ያጠፋል፤ አፕዴት መጥቶ ማንቃቱን እንዳያበላሽበት ደግሞ የዊንዶውስ አፕዴትን ይዘጋል። ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የዘጋውን አይከፍትም። ባለቤቱ ዲፌንደር አለኝ ብሎ ይኖራል።

መጀመሪያ አገልግሎቱን እዩ። ስታርት ላይ "ሰርቪስስ" ብላችሁ ፈልጉ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ወደ ታች ወርዳችሁ "ዊንዶውስ አፕዴት" የሚለውን ሁለቴ ተጫኑ። "ስታርትአፕ ታይፕ" ላይ "ዲሴብልድ" ካለ "ማኑዋል" አድርጉት፤ አፕላይ፣ ከዚያ ስታርት። ሪስታርት አድርጋችሁ ተመለሱና እዩት። ተመልሶ "ዲሴብልድ" ከሆነ የሚዘጋው ፕሮግራም ውስጥ አለ ማለት ነው። የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ከፍታችሁ አፕዴት ማገጃ፣ ዲፌንደር መቆጣጠሪያ የሚመስል ነገር ካለ አስወግዱት።

ቀጥሎ ሆስትስ ፋይሉ፤ ኮምፒውተሩ የድረ ገጽ ስሞችን አድራሻ መጀመሪያ የሚያይበት ፋይል ነው። ኖትፓድን በቀኝ ክሊክ "ረን አዝ አድሚኒስትሬተር" ብላችሁ ክፈቱ። ከዚያ ፋይል፣ ኦፕን፤ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32፣ ድራይቨርስ፣ ኢቲሲ። ፎልደሩ ባዶ መስሎ ከታያችሁ ታች "ኦል ፋይልስ" የሚለውን ምረጡ፤ "ሆስትስ" የሚለው ይወጣል። ያልተነካ ፋይል ላይ ያሉት መሥመሮች በሙሉ የሚጀምሩት በዚህ ምልክት ነው፦ # ። ምልክቱ የሌለበት መሥመር ካለ፣ ፊት ለፊቱም 127.0.0.1 ወይም 0.0.0.0 ተጽፎ የማይክሮሶፍት ወይም የአንቲቫይረስ ኩባንያ ስም ከተከተለ፣ አንድ ሰው ሆን ብሎ መንገዱን አጥሮታል። የተሰበረ (ክራክ የተደረገ) ካስፐርስኪ ወይም ኢሴት የሚሸጡ ሰዎች ቁልፉ እንዳይነቃባቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። መሥመሩን ሰርዙና ሴቭ አድርጉ። በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ግን አይቲውን ሳትጠይቁ አትንኩ፤ ለሌላ ሥራ የገባ ሊሆን ይችላል።

የተሰበረ አንቲቫይረስ የማይታደስ ዘበኛ ነው፤ ይህን ያህል ደክሞ እሱን ከማቆየት አጥፍቶ ዲፌንደርን መመለስ ይሻላል። ነፃና ሕጋዊ የሆነውን ትቶ ለተሰረቀው መጨነቅ ምን ያደርጋል።

አፕዴቱን በፍላሽ ማምጣት

ዳታው ካልበቃ፣ መሥመሩ እየተቆራረጠ ካስቸገረ ወይም ቁጥሩ 80070643 ከሆነ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ቦታ አንዴ ወርዶ ቤት ያለውን ኮምፒውተር በሙሉ ያድሳል።

ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን ሙሉ መረጃ በአንድ ፋይል ያወጣል፤ ፋይሉ "ኤምፓም-ኤፍኢ" ይባላል። ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው፤ ስለዚህ ፈጣን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወይም የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ አውርዱ። የማይክሮሶፍት ማውረጃ ገጽ ላይ 32 ቢት፣ 64 ቢትና ኤአርኤም የሚሉ ምርጫዎች አሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ "አባውት" ላይ ታያላችሁ፤ ዊንዶውስ 11 ላይ 32 ቢት የሚባል የለም።

ፍላሹ በየጽሕፈት ቤቱ የዞረ ከሆነ ባዶ አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። ፋይሉን ቤት ስታደርሱ ከመክፈታችሁ በፊት በቀኝ ክሊክ "ፕሮፐርቲስ" ግቡ፤ "ዲጂታል ሲግኔቸርስ" የሚል ትር ካለና ማይክሮሶፍት ኮርፖሬሽን ከተጻፈበት፣ "ዲቴይልስ" ስትሉትም ፊርማው ትክክል ነው ካለ፣ እውነተኛ ነው። ትሩ ከሌለ ወይም ፊርማው ትክክል አይደለም ካለ ፋይሉን አትመኑት፤ ጣሉት።

ከዚያ ሁለቴ ተጫኑት። አሁን የሚያሳስተው ነገር ይመጣል፦ ምንም አይታይም። መስኮት አይከፈት፣ "ተጠናቀቀ" አይል። ብዙ ሰው አልሠራም ብሎ ደጋግሞ ይጫነዋል። ጥቂት ደቂቃ ታገሡና "ፕሮቴክሽን አፕዴትስ" ላይ ተመልሳችሁ የስሪት ቁጥሩን እዩ፤ ተቀይሯል።

የአቫስትም ከኢንተርኔት ውጪ የሚጫን የመረጃ ፋይል አለው፤ ካስፐርስኪ ደግሞ "አፕዴት ዩቲሊቲ" የሚባል ለዚሁ የተሠራ ፕሮግራም አለው። የኮምፒውተር ክፍል ላላቸው ትምህርት ቤቶች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ኮምፒውተሩን በየጊዜው ኢንተርኔት ላይ አውጡት። አዘውትሮ የሚታደስ ዲፌንደር የሚያወርደው ልዩነቱን ብቻ ስለሆነ ትንሽ ነው፤ ወር የቆየ ግን ሙሉውን እንደገና ሊያወርድ ይገደዳል። ዳታ ለመቆጠብ ብሎ አፕዴት ማዘግየት ዞሮ ዞሮ ዳታውን ያበዛዋል።

ራሱ ቫይረሱ ሲከለክል

ሁሉም ድረ ገጽ እየተከፈተ የአንቲቫይረስ ኩባንያዎች ገጽ ብቻ እምቢ ካለ፣ ሆስትስ ፋይሉም ንጹሕ ከሆነ፣ ውስጥ ያለው ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ኮንፊከር ይህን ነበር የሚያደርገው፤ በፍላሽም ይተላለፍ ነበር፤ የዛሬዎቹም ዘዴውን አልረሱትም።

ከሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ "ማይክሮሶፍት ሴፍቲ ስካነር" አውርዱ፤ መጫን አያስፈልገውም፤ ካወረዳችሁት ከ10 ቀን በኋላ ግን አይሠራም፤ ስለዚህ ያለፈ ወር ያወረዳችሁትን አትድከሙበት። ያ ካልያዘ የዲፌንደር "ስካን ኦፕሽንስ" ውስጥ ያለውን "ኦፍላይን ስካን" ምረጡ። ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውሱ ሳይነሣ ይፈትሻል፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትጀምሩት፤ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ሰክታችሁ ይሁን። ፎርማት የሚባለው የሚመጣው ይህ ሁሉ ካልሆነ ነው።

ዊንዶውሱ አርጅቶ ከሆነ

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ አትሳቱ። ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ የዲፌንደር የቫይረስ መረጃ ግን እስከ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2028 እንደሚቀጥል ማይክሮሶፍት አስታውቋል። ስለዚህ አፕዴት እምቢ ያላችሁ "10 ስለተዘጋ ነው" የሚላችሁን ሰው አትመኑ፤ ከላይ ያሉትን ፈትሹ።

ዊንዶውስ 7 ሌላ ነገር ነው። ድጋፉ ከጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል። ያረጁ የ7 ኮምፒውተሮች ሻ-2 የሚባለውን አዲሱን የፊርማ ዓይነት አያውቁትም፤ አንቲቫይረሱ አፕዴቱን ቢያወርድም ፊርማውን ማረጋገጥ ስለማይችል ይጥለዋል። ማይክሮሶፍት ለዚህ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማስተካከያ አለ፤ ቁጥሩ ኬቢ 4474419 ነው፤ እሱ ከተጫነ አንዳንዱ አንቲቫይረስ ይመለሳል። ዋናው መፍትሔ ግን ማሽኑ ከቻለ ወደ 11፣ ካልቻለ ወደ 10 ማሳደግ ነው። ማሽኑ አቅም ከሌለው ከኢንተርኔት ነጥላችሁ ለማተሚያ ብቻ አውሉት፤ የደንበኛ ፍላሽም መጀመሪያ የታደሰ አንቲቫይረስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ፣ ተፈትሾ፣ ከዚያ ወደዚህኛው ይምጣ።